ወንበር የሌለው ቤት

እኔ ቤት ወንበር የለም። ሶፋ የለም፣ ዱካ የለም፣ በርጩማም የለም። ምሳዬን የምበላው የወጥ ቤቱን መስኮት ተደግፌ ነው። ጫማዬን የማጠልቀው አንድ እግሬን አንስቼ፣ ግድግዳ ይዤ ነው። የምተኛው ፍራሽ ላይ ነው፤ እሱንም ጠዋት ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት እወጣለሁ። እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ ቤቱን ይዞርና መጨረሻ ላይ እኔ ላይ ያርፋል። «ምነው ስንዱ፣ ቤት እየለቀቅሽ ነው እንዴ?» ይሉኛል። «አይ፣ ወንበር አልስማማ ብሎኝ ነው» እላለሁ። ይስቃሉ፣ ቆመው ያወራሉ፣ ቶሎ ይሄዳሉ።

መቆም ለእኔ ብርቅ አይደለም። ሥራዬ ደብረ ብርሃን ታክሲ ተራ፣ ተራ ማስከበር ነው። ታክሲዎቹ ሹፌር ከተሰናበታቸው ስንት ዘመን ሆነ፤ ሰዉ ግን ዛሬም ይጋፋል። «አንተ ባለ ኮፍያ! አዎ አንተ! ወደ ኋላ!» ብሎ የሚጮህ ጉሮሮ እስካሁን ስላልሠሩ እንጀራዬን አልነጠቁኝም። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል፣ ማታ ገብቶ ሶፋ ላይ ዘፍ ማለትን የሚያህል ደስታ አልነበረኝም። እሱም ቀረ። እንዴት እንደቀረ ልንገራችሁ።

ታናሽ እህቴ ረቂቅ ልጇን ብሌንን አዝላ የመጣችው በሐምሌ ዝናብ ነው። ደረጃውን ስትወጣ ግድግዳውን ትዳብስ ነበር። የግራ ጆሮዋ ደምቶ፣ ደሙ ከዝናቡ ጋር እስከ አንገቷ ወርዶ ነጠላዋን አበላሽቶታል።

«ናሁሰናይ ነው?» አልኳት።

«አትጩኺ ስንድዬ፣ ልጅቷ ተኝታለች» አለችኝ።

አልጮህኩም ነበር። በግራ ጆሮዋ መስማት እንዳቃታት፣ ድምፅ ሁሉ ከየት እንደሚመጣ እንደጠፋት የገባኝ በኋላ ነው። ከዚህ በፊትም መጥታ ታውቃለች፤ አንዴ በከንፈሯ፣ አንዴ በጣቷ። ሁለቴም በማግስቱ «ሰይጣን አሳስቶት ነው» ብላ ተመልሳለች። ዛሬ ግን እርጥብ ልብሷን ሳትቀይር «አልመለስም» አለች። ይህን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሳትቀይረው ብዬ ወዲያው ፖሊስ ጋ ደወልኩ።

የሚጣፍጥ የሴት ድምፅ አነሳው። ሁሉንም ነገርኳት። «አይዞሽ እህቴ፣ ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ናቸው» አለችኝ።

«ሽማግሌ አልጠራሁም፤ ፖሊስ ነው የጠራሁት!»

«ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ናቸው» አለችና ዘጋችው።

እናታችን በሕይወት ሳለች፣ በልጅነቷ ሽማግሌ ማለት ሰው እንደነበር ታጫውተን ነበር። ሽማግሌ ደጃፍ ላይ መጥቶ ይቆማል። ተቀመጡ ሲባል «የመጣንበት ካልሆነልን አንቀመጥም» ይላል። አዛውንት አቁሞ ማየት ነውር ስለሆነ የቤቱ ሰው ይጨንቀዋል፣ ይሽቆጠቆጣል፣ በመጨረሻም እሺ ይላል። ግን ሽማግሌውም ወገቡን ያመዋል። ይመሽበታል፣ ይበርደዋል። አንዳንዴም የሴትየዋን ፊት አየት ያደርግና «ኧረ ይህቺ ልጅ ትሞታለች» ብሎ ራሱ ሐሳቡን ይለውጣል። የዛሬዎቹ ወገብ የላቸውም።

ሁለት ሆነው መጡ። ነጭ ፂም፣ ነጭ ጋቢ፤ አንደኛው ከዘራ ይዟል። ጋቢያቸው በዝናቡ ረጥቦ ይንጠባጠባል። ማን እንዳሰበበት እንጃ፣ ሲያዩት አንጀት ይበላል።

«ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ?» አለ ባለ ከዘራው። «ስለ አንድ ትንሽ አለመግባባት ነው የመጣነው፣ ልጄ።»

«ጆሮዋን በጥሶታል እኮ!»

«አለመግባባቱን ሰምተናል።»

«ይሂዱልኝ ከዚህ!» አልኩ። ማሽን መሆኑን እያወቅኩ፣ ፂሙን ሳይ ምላሴ «ሂድ» ማለት እምቢ አለኝ። አይ አስተዳደግ!

እሱ ግን አልተቆጣም። ደንቡን በለሆሳስ አስረዳን። ለቆመ ሽማግሌ መቀመጫ ያቀረበ ቤት ታርቋል ማለት ነው። በሩን የዘጋ፣ ወይም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደጃፉ ላይ እስኪወድቅ ዝም ያለ ቤት፣ ሽማግሌ ጥሏልና ሕፃኗ ለአባቷ ትሰጣለች። ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡም ሳይወድቁም ሁለተኛው እሁድ ፀሐይ ከጠለቀች ግን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ረቂቅም ልጇን ይዛ ትፋታለች።

«እስከዚያ ድረስ የቆመ አለ?» አልኩ።

«እስካሁን አልሆነም፣ ልጄ» አለኝ፤ ሰዓት ተጠይቆ እንደሚመልስ ሰው።

ይሁን አልኩ በሆዴ። ማሽን ቢቆም ምን ቸገረኝ! ረቂቅን ወጥ ቤት ወሰድኩና «ሁለት ቁም ሳጥን በር ላይ ተገትሯል ብለሽ ቁጠሪው» አልኳት። በግራዋ በኩል ስለነበርኩ አልሰማችም። ዞሬ በቀኟ ደገምኩላት፤ ሳቀች። ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ለማያውቅ ሰው በር ከፍቶ መኖር ምን እንደሆነ ማስረዳት አይቻልም። በሩ አይዘጋም፤ ሁለቱ ደፉ ላይ ናቸው። ለሥራ ስወጣ በመካከላቸው ሾልኬ፣ ስገባ በመካከላቸው ሾልኬ። ሹራብ ደርበን እንበላለን፣ ሹራብ ደርበን እንተኛለን። ባለ ከዘራው በየጊዜው «ስለ ማርያም ብለሽ፣ ረቂቄ» ይላል፤ ቀስ ብሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። ሁለተኛው ብዙም አይናገርም። ሥራው መተከዝ ነው። ብሌን ወዲያው ለመደቻቸው፤ ልጅ አይደለች? ቦርሳዋን ከዘራው ላይ ታንጠለጥልና «አባባ ሽማግሌ፣ እንዳይወድቅ ያዙልኝ» ትላለች። ይይዙላታል። እንቅልፍ እምቢ ሲላት እሹሩሩ ይሉላታል። ረቂቅ ይህን ስትሰማ ፊቷ ይጠቁራል።

ጎረቤት ደግሞ አለላችሁ። እትዬ ጥሩነሽ፣ ከጎናችን ያለችው፣ ሽማግሌ ብርድ ላይ አቆምን ብላ ከንፈሯን እየመጠጠች ወጣች፤ ተመልሳ ገብታ የራሷን አረንጓዴ ሻርፕ አመጣችና ዝም ባዩ ማሽን አንገት ላይ ጠመጠመችለት። «ጉንፋን ይይዛቸዋል እኮ፣ እናንተዬ!» የረቂቅን ጆሮ አላየችውም። አይታው ይሆናል፤ ብቻ አልጠየቀችም።

ሰኞ ጠዋት ሦስተኛው መጡ። እኚህ ግን ሰው ነበሩ።

ለካ ከሦስቱ አንዱ ሥጋ ለባሽ እንዲሆን ደንቡ ያዛል። ማን እንደሚሆን የሚመርጠው ደግሞ የተከሰሰው ወገን ነው። ናሁሰናይን «ሚስትህ እምቢ የማትለው ሰው ማን ነው?» ብለው ጠየቁት። አላሰበበትም አሉ፤ ቶሎ ብሎ ነው የመለሰው። ሰውየው ሚስቱን አሳምሮ ያውቃታል።

ጋሽ አያልነህ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪያችን ነበሩ። አባታችን ሲሞት ለቅሶው ከተበተነም በኋላ ቤታችን መምጣት ያላቋረጡ እሳቸው ብቻ ናቸው። በረቂቅ ሠርግ እጇን ይዘው ያወጧት እሳቸው ናቸው። አሁን ሸምግለዋል፤ ስኳር አለባቸው፣ ቀኝ እግራቸውም ያብጣል። ወገባቸው ላይ ሽማግሌዎቹን የሚልከው ማዕከል ያሰረላቸው ቀበቶ አረንጓዴ ያበራል፤ መቆማቸውን የሚቆጥረው እሱ ነው። ደረጃውን እያለከለኩ ወጡና ከሁለቱ ማሽኖች መካከል ገብተው ቆሙ። ረቂቅ ስታያቸው አፏን በእጇ ያዘች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ለምን መጡ?» አልኳቸው፤ ልቆጣም ላለቅስም እየቃጣኝ።

«ባልመጣስ? ወገኗ ሽማግሌ አልሆንም አለ ተብሎ እሷው ላይ ነው የሚጻፍባት።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሙኝ ሁለታችሁም። አደራ፣ እንዳታስቀምጡኝ። ብለምንም፣ ባለቅስም እንዳታስቀምጡኝ። ዕድሜ ልኬን ልጅ ሳሰልፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መቆም ያቅተኛል?»

ከዚያ ወደ ባለ ከዘራው ዞሩ። «እኔም ሽማግሌ ነኝ አይደል? እንግዲህ ፍርዴን ልናገር። ይህቺ ልጅ አትመለስም። አለቀ!»

«የእኛ ሥራ ማስታረቅ ነው፣ ጋሽ አያልነህ። ፍርድ የእኛ አይደለም» አለ ባለ ከዘራው በአክብሮት።

«ወግድልኝ፣ ቆርቆሮ!»

ሳምንቱን እንዲህ ገፋነው። ሥጋ ለባሽ ማታ ቤቱ ሄዶ ማደር ይፈቀድለታል፤ ጠዋት ግን መመለስ አለበት። ጋሽ አያልነህ ማለዳ ይመጣሉ፣ ሲመሽ ግድግዳ እየያዙ ይወርዳሉ። በየመካከሉ ደግሞ ደረጃው ላይ ትንሽ አረፍ እንዲሉ ይፈቀድላቸዋል። ረቂቅ በሰዓቱ ታበላቸዋለች፣ መርፌያቸውን ትወጋቸዋለች፤ ተንበርክካ ያበጠ እግራቸውን ቫዝሊን ትቀባቸዋለች። እሳቸው ብሌንን ያጫውታሉ፤ «ክንድ ወደ ላይ! ቀጥ! በርቺ የኔ አንበሳ!» ይላሉ። ልጅቷ ደጃፍ ላይ ስፖርት ስትሠራ አላፊ አግዳሚው ይስቃል። እኔም ከሥራ ስመለስ ከሩቅ ድምፃቸውን ስሰማ፣ አሁንም ቆመዋል ብዬ ደረጃውን እሮጣለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ይሆናል ብዬ አምኜ ነበር። ረቂቅም አምናለች። ፍርድ ቤቱ ካለፈልን በኋላ እዚሁ ሰፈር ፀጉር ቤት እንደምትከፍት ማውራት ጀምራ ነበር። ለመስኮቱ መጋረጃ ምን ዓይነት ይሻላል እያለች ትጠይቀኛለች።

ሁለተኛው እሁድ ደረሰ። ያን ቀን ጠዋት ባለ ከዘራው በመጨረሻው ቀን እረፍት እንደሌለ ነገረን። ደረጃ ላይ ቁጭ ማለት የለም። መደገፍ ይፈቀዳል፣ ማንጠልጠል አይፈቀድም፤ እግር መሬት መንካት አለበት።

«ይህን ከመጀመሪያው ለምን አልነገራችሁንም?» አልኩት።

«አልጠየቅሽንም፣ ልጄ።»

ከሰዓት በኋላ ናሁሰናይ መጣ። ጥቁር ለብሷል፣ ባዶ እግሩን ነው፣ ትከሻው ላይ ይህን የሚያህል ድንጋይ ተሸክሟል። ጥንት አጥፊ ሰው ይቅርታ ሲለምን እንደሚያደርገው መሆኑ ነው። ድንጋዩ የማዕከሉ ነው፤ ጎኑ ላይ ማኅተም አለው። ደረጃው ጫፍ ላይ ተንበረከከና እንባውን አወረደው። «ረቂቄ፣ ሰይጣን ነው ያሳሳተኝ። እግርሽ ሥር ልውደቅ፣ ሁለተኛ እጄን ባነሳ እጄ ይቆረጥ!» ጎረቤቱ ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ወጥቷል። እትዬ ጥሩነሽ ታለቅሳለች። ብሌን «አባዬ!» ብላ ስትሮጥ ረቂቅ በቀሚሷ ጎትታ አስቀረቻት። ልጅቷ አለቀሰች። ረቂቅ ወደ ባሏ ዞራ አላየችም፤ የምታየው ማዶ ያለውን ሕንፃ ነበር፤ ፀሐይዋ የምትጠልቀው በዚያ ጀርባ ነው።

በዚህ መሀል ናሁሰናይ እንባውን ሊጠርግ እጁን ሲያነሳ ድንጋዩ አመለጠው። ደረጃው ላይ ወደቀና ነጠረ። እንደ ኳስ እየነጠረ ወደ ታችኛው ፎቅ ወረደ። ውስጡ ባዶ ነው! ብሌን ልቅሶዋን ረስታ ፈነደቀች። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ጋሽ አያልነህ ደግሞ ጥርስ በሌለው አፋቸው ከት ብለው ሳቁ፣ ሳቁ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ሳቁ ሳያልቅ ጉልበታቸው ከዳቸው።

ተንደርድረን በግራና በቀኝ ያዝናቸው። ላብ አጥምቋቸዋል። ቀበቷቸው ቢጫ ሆነ። ረቂቅ ማር በውኃ በጥብጣ አመጣች፤ ግማሹ ደረታቸው ላይ ፈሰሰ። አምቡላንስ ጠራሁ። «ሰውየው የቆሙ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲቀመጡ ወዲያው እንመጣለን» አሉኝ። ታክሲ ተራ ሆኜ የማልሰድበውን ስድብ ሁሉ ሰደብኳቸው። ምን ዋጋ አለው? ድምፅ ነው የሚያነሳው።

«እስቲ አንድ ሰው ያግዘን!» ብዬ ወደ ኮሪደሩ ጮህኩ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። «ታዲያ አታስቀምጧቸውም?» አለች እትዬ ጥሩነሽ። «ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!»

ጋሽ አያልነህ እየቃዡ ነበር። «መስመር ያዙ... ቀጥ በሉ... ማን ነው የሚንቀሳቀሰው?» ይላሉ። ደግሞ ድንገት ነቃ ይሉና ረቂቅን አንገቷ ሥር ሆነው «እንዳታስቀምጪኝ» ይሏታል። ክብደታቸው እየጨመረ ሄደ። ጫማቸው ወለሉ ላይ ይንሸራተታል። ቀበቶው ቀይ ሆነና መንጫጫት ጀመረ።

«ሊወድቁ ነው» አለ ባለ ከዘራው። «ስለ ማርያም ብለሽ፣ ረቂቄ። ሕፃኗን አስቢ።»

ማዶ ያለው ሕንፃ ጫፍ ላይ ፀሐይዋ ገና አለች።

ረቂቅ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። «ከወደቁ ብሌንን ይወስዷታል» አለች። «እሳቸውም ይሞቱብኛል።»

«ትንሽ ነው የቀረው! ረቂቄ፣ ትንሽ!» አልኳት። ግን በግራዋ በኩል ነበርኩ።

ከበሩ አጠገብ ያለውን ወንበር በእግሯ ሳበችው። ጋሽ አያልነህ ወንበሩ ጉልበታቸውን ከኋላ ሲነካቸው አወቁ፤ እንደ ሕፃን ልጅ «አይሆንም፣ አይሆንም» እያሉ ሊቆሙ ታገሉ። ትከሻቸውን ሳመቻቸውና ወደ ታች ተጫነቻቸው። «ይቀመጡ ጋሼ። ይበቃዎታል» አለቻቸው።

ሁለቱ ማሽኖች እኩል ተንቀሳቀሱ፤ ገብተው ሶፋዬ ላይ ተቀመጡ። የሶፋው ስፖንጅ ተነፈሰ። «እሰይ! የተባረክሽ ልጅ» አለ ባለ ከዘራው። ኮሪደሩ በእልልታ ቀለጠ። ናሁሰናይ ገብቶ የማሽኖቹን ጉልበት ሳመ፤ ራሱን ደባበሱለት። አምቡላንሱም እንዳሉት ወዲያው መጣ። በሩም ከስንት ጊዜ በኋላ ተዘጋ። ናሁሰናይ ረቂቅንና ብሌንን ይዞ ከሕንፃው ሲወጣ መስኮት ላይ ሆኜ አየሁ፤ መኪናው ጋ ሳይደርሱ ፀሐይዋ ጠለቀች።

ታርቀው ለሚመለሱ ሁለተኛ ጫጉላ የሚባል ነገር አለ። ባልና ሚስቱ እንዲፋቀሩ ተብሎ የሚስት ዘመድ እስከ ገና ቤታቸው ድርሽ እንዳይል ይከለከላል። ጋሽ አያልነህ ተርፈዋል፤ ቀኝ እግራቸውን ግን ቆርጠውታል። ስልክ ይደውሉልኝና ምንም ሳይናገሩ ያለቅሳሉ። እኔም እስኪጨርሱ ስልኩን አልዘጋባቸውም።

ያን ሰሞን ነው ወንበሮቼን ያወጣኋቸው። ያን ወንበር በመጥረቢያ ፈለጥኩት። ሶፋውን ለእትዬ ጥሩነሽ ሰጠኋት፤ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ምነው በሰላም?» እያለች በደስታ ወሰደችው። ደንቡ የሚለው መቀመጫ ያቀረበ ቤት ነው አይደል? መቀመጫ የሌለበትን ቤት ምን ሊያደርጉት ነው? ሁለተኛ ረቂቅ ስትመጣ ማንም ሰው፣ ለማንም ራርቶ፣ ማንንም አያስቀምጥባትም። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በጥቅምት አንድ እሁድ ጠዋት ብሌን ደወለች። «አክስቴ፣ እማዬ አልነሳ አለች» አለችኝ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። በሩን ደበደብኩት። ናሁሰናይ በመስኮት ብቅ ብሎ «ተኝታለች፤ ጫጉላ ላይ ነን፣ ስንዱ» አለኝና መጋረጃውን ሳበ። ሰፈሩ እስኪሰማ ሰደብኩት። ድንጋይ አንስቼ መስኮቱን ሰበርኩት፤ እውነተኛ ድንጋይ። ከዚያ እዚያው ቆሜ ያንኑ ቁጥር ደወልኩ። በራሴ ስም ከሰስኩት። የሚጣፍጠው ድምፅ «አይዞሽ እህቴ፣ ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ናቸው» አለኝ። መንገድ ላይ እስኪመሽ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ማንም አልመጣም።

የመጡት በማግስቱ ጠዋት፣ እኔ ቤት ነው።

በሩን ስከፍት ነጭ ጋቢ፣ ነጭ ፂም። ዝም ባዩ አንገት ላይ አረንጓዴው ሻርፕ አለ።

«ቤቶች! እንደምን አደርሽ?» አለ ባለ ከዘራው። «ከአማችሽ ጋር ትንሽ አለመግባባት እንደተፈጠረ ሰማን። ካስቀመጥሽን ክስሽ ይዘጋል። አንዳችን ደጃፍሽ ላይ ከወደቅን ሽማግሌ ጥለሻልና እህትሽንም ልጇንም ዳግም አታያቸውም። ሁለተኛው እሁድ ፀሐይ እስኪጠልቅ ከቆምን ክስሽ ፍርድ ቤት ይሄዳል።»

«ቁሙ!» አልኩት። «እስኪበቃችሁ ቁሙ! ቤቴን እዩት፤ የማስቀምጥበት የለኝም።»

ወደ ውስጥ አየት አደረገ። «እናያለን፣ ልጄ» አለ። «ሦስተኛዋ እየወጣች ነው።»

ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቷል። ከታች የእግር ድምፅ ይሰማል፤ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ መጎተት፤ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ መጎተት። ናሁሰናይን ምን ብለው እንደጠየቁት ያኔ ገባኝ። ስንዱ እምቢ የማትላት ሰው ማን ናት?

ረቂቅ የመጨረሻውን ደረጃ በእጇ ብረቱን ይዛ ወጣች። ወገቧ ላይ ቀበቶው አረንጓዴ ያበራል። ግራ እግሯ ቁርጭምጭሚቱ ጋ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጣቶቿ አብጠው ጫማ አልገባላቸውም። አንድ ዓይኗ ተዘግቷል። በሁለቱ ማሽኖች መካከል ገብታ፣ የታመመውን እግሯን ከመሬት ትንሽ አንስታ ቆመች።

«ሲመሽ ወደ ቤቷ ትመለሳለች» አለኝ ባለ ከዘራው፣ እንዳልሰጋ ብሎ። «ጠዋት ጠዋት እኛው እናመጣታለን።»

በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

ረቂቅ ደህና በሆነው ዓይኗ ቤቱን አየችው። ሶፋው የነበረበትን ግድግዳ፣ ጥግ ጥጉን፣ ወጥ ቤቱን በር፤ ደግማ አየችው። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«ስንድዬ» አለችኝ፣ «ወንበሮቹን ምን አደረግሻቸው?»

ሮጬ ብብቷ ሥር ገባሁና በቀኟ በኩል ደገፍኳት። እግሯ መሬቱን እንዲነካ ብቻ አድርጌ ይዣታለሁ። ዛሬ ገና ሰኞ ነው።